ስድስት ደቂቃ በሙሉ ኃይል

ሐምሌ 9

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ሐይቁ መሃል፣ ሞተሩ እጄ ላይ ሞተ። በአንዴ አይደለም። መጀመሪያ ድምፁ ወፈረ፤ ከዚያ ትን እንዳለው ሰው አሳለው፤ ከዚያ የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ውሃው ወረደ። ነዳጅ ስጨምርለት ባሰበት። ስቀንስለት ትንሽ አገገመ። እንደገና ስጨምር ጭራሽ ጠፋ።

አሥራ አንድ ሰው ጭኛለሁ፤ አንዷ የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ናት። ነፋሱ ወደ ድንጋዮቹ ይገፋናል። ገመዱን ብስብ፣ ብስብ... መዳፌ ተላጠ። ከድንጋዩ ጋር ስንላተም አስተማሪዋ ክንዷ ላይ ወደቀች። ቀጭ ሲል ሰማሁት።

አጎቴ በሌላ ጀልባ ደረሰ። ዘሎ ገባ፣ የነዳጅ ታንኩን ክዳን ከፍቶ አየ፣ ዘጋው፣ ገመዱን አንዴ ሳበ። ተነሳ። በአንዴ! ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞሮ፣ "ሞተሩ ምን አለበት? የያዘው እጅ ነው እንጂ" አለ።

ሳቁ። ክንዷ የተሰበረ ሴት መሃላቸው ተቀምጣ ሳቁ።

ሐምሌ 10

የጀልባ ማኅበሩ አገደኝ። ሰብሳቢው ሲያነብ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እስከ 18 ስብሰባ ድረስ ጀልባችንን አጎቴ ይነዳል። ከዚያ ወይ ፈቃዴ ይመለሳል ወይ ይሰረዛል።

ሦስት ዓመት መካኒክነት ተምሬ የተመለስኩት ለዚህች ጀልባ ነው። አባዬ ወገቡን ከታመመ ወዲህ የያዝኳት እኔ ነኝ። ዜናውን ወንበሩ ላይ ሆኖ ሰማ። የሆነ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅሁ... "ውሃ አምጪልኝ" አለ።

ሐምሌ 11

አጎቴ ቀኑን ሙሉ ዳር ዳሩን ሲመላለስ ዋለ። ሞተሩ አንዴም አላንገራገረበትም። ማቆሚያው ላይ ያሉት ሲያዩኝ፣ "ኢንጂነሯ፣ ዛሬስ ምን አበላሸሽ?" ይላሉ። አንዱ ሬዲዮውን እንዳልነካበት ለመነኝ፤ እንዳይጠፋበት።

መልሴን ለ18 አስቀምጬዋለሁ። ምን እንደሆነ ገና ባላውቅም።

ለእሱ እንዴት ይሠራል?

ሐምሌ 12

ምሳ ሰዓት ላይ ጀልባዋ ባዶዋን ስትቆም ገባሁ። ካንዴላዎቹን ፈታሁ፤ ደህና ናቸው። ፊልትሮው ንጹሕ። ፕሮፔለሩ አልላላም፤ ያ ቢሆን ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይታነቅም። የነዳጅ ታንኩ ክዳን አናት ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ብሎን ክፍት ናት። አለፍኳት። የነዳጅ ቱቦውም አልተቀደደም።

ነዳጅ እየጠማው ነው፣ እርግጠኛ ነኝ። ቀስ ሲል የሚደርሰው ሲሮጥ አይደርሰውም። ግን የት ነው የሚቋረጠው?

አጎቴ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። ካቻቢቴውን ከእጄ ወሰደው። ቢነጥቀኝ ይሻል ነበር። ከሕፃን ላይ ምላጭ እንደሚወሰድ፣ ቀስ አድርጎ፣ እየሳቀ።

ሐምሌ 13

ዝናብ። ምንም። ምናልባት እውነት እጄ ይሆን?

ሐምሌ 15

የትናንት ወዲያዋን መስመር ልሰርዛት ነበር። ተውኳት። ፈርቼም እንደነበር ይታወቅ።

ዛሬ ማቆሚያው አጠገብ ተቀምጬ አጎቴን እንደ ሰላይ ስጠብቀው ዋልኩ። በደረሰ ቁጥር ያንኑ ያደርጋል። ሰው ከመጫኑ በፊት ክዳኑን ይከፍታል፣ እንጨት ይነክራል፣ እርጥቡን በጣቱ ይለካል፣ ይዘጋል። የነዳጅ መለኪያዋን አያምናትም። "ያቺ መርፌ አታውቀኝ፣ አላውቃት" ይላል ሁልጊዜ። ዳር ዳሩን ደግሞ በየአምስት ደቂቃው ማቆሚያ አለ። በየአምስት ደቂቃው ይከፍታል።

እኔ መርፌዋን አምናታለሁ። መሃሉን ስሻገር ሃያ ደቂቃ ሙሉ አልከፍትም።

ያን ቀንም... ከፍቶ ነው ገመዱን የሳበው!

ክዳኑ ሲከፈት አየር ይገባል። ነዳጁ በወጣበት አየር ካልተካ ታንኩ ወደ ውስጥ ይመጠጣል፣ ሞተሩ መሳብ ያቅተዋል። ግን ብሎኗ ክፍት ነበረች፤ አይቻታለሁ እኮ። ከላይ አየኋት። ከሥርስ?

ሐምሌ 16

ክዳኑን ፈትቼ ገለበጥኩት። ከጎማው ሥር የፌስታል ቁራጭ። ክብ ተደርጎ በመቀስ የተቆረጠ፣ ቀዳዳዋን ጥርቅም አድርጎ የዘጋ። ሰማያዊ። የአባዬ መድኃኒት የሚመጣበት ፌስታል።

እንደነበረ መልሼ ገጠምኩት። ቤት ገባሁ።

አባዬ አልካደም። ሐምሌ 8 አመሻሽ ላይ፣ ታንኩ ውስጥ ዝናብ እንዳይገባ ብሎ አድርጎት ነበር። እኔን ሊነግረኝ ረሳ። ይሁን... ይህ ያጋጥማል።

"መቼ ትዝ አለህ?"

"በነጋታው።"

በነጋታው። ሲያግዱኝ ያውቅ ነበር። "ውሃ አምጪልኝ" ሲለኝ ያውቅ ነበር። የአጎቴን ሳቅ ሳወራለት፣ ያውቅ ነበር።

"ዝም ያልኩት ከውሃው ላይ እንድትወርጂልኝ ብዬ ነው፣ ልጄ። መሬት ላይ ሥራ አይጠፋም። ለአንቺ ብዬ ነው።"

አላለቀስኩም። ማለቴ፣ እሱ ፊት አላለቀስኩም።

ሐምሌ 18

ስብሰባው ላይ አልተከራከርኩም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ መሃሉን እንሻገር፣ አጎቴ ይያዝ፣ በሙሉ ኃይል፣ ክዳኑን ማንም አይንካ። ሰብሳቢው ሰዓቱን ይዞ ጀልባዋ ላይ ገባ። አስተማሪዋ ክንዷን በጀሶ አስራ መጥታለች። "አንደኛው ደህና ነው፣ እሱን ይዤ እመጣለሁ" ብላ ከፊት ተቀመጠች።

ሦስት ደቂቃ። አጎቴ ያፏጫል። አራት። አምስት። ባይጠፋስ?

ስድስተኛው ላይ ድምፁ ወፈረ። ሳል። አፍንጫዋ ወረደች። አጎቴ ጨመረ፣ ቀነሰ፣ ጨመረ... ጠፋ። ገመዱን ቢስብ፣ ቢስብ። ማንም "እጅህ ነው" አላለውም። እኔም አላልኩም፤ መዳፉን አየሁት።

ከዚያ ክዳኑን ቀስ አድርጌ ፈታሁት። ታንኩ አየር ሲስብ ፉጨቱን ሁሉም ሰማው። ገመዱን አንዴ ሳብኩ፤ ተነሳ። ፌስታሉን አውጥቼ ሰብሳቢው መዳፍ ላይ አስቀመጥኩለት።

"ማነው ይህን ያደረገው?" አለ።

የቤታችንን ገመና ለማኅበር ላወጣ ነው? ወይስ ዝም ልል? እንደ እሱ?

"አባቴ" አልኩ። "ዝናብ ፈርቶ።" የቀረውን ለቤት አስቀረሁት።

ፈቃዴ ተመለሰ። ግን ለጥንቃቄ አንድ ወር አጎትሽ አጠገብሽ ይቀመጥ አሉኝ። አጎቴ እንኳ መሬት መሬቱን አየ። ያ መቀመጫ የተሳፋሪ ነው አልኳቸው፤ መቀመጥ ከፈለገ ወረፋ ይያዝ። አስተማሪዋ ሳቀች። መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው ያቺን መስመር ከውሳኔው ላይ ሰረዛት።

ሐምሌ 19

ብቻዬን አራት ጊዜ አሻገርኩ። ሁለቴ በዝናብ። ለክዳኑ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ቆርጬ ጃንጥላ ሠርቼለታለሁ፤ ዝናቡን ይከለክላል፣ አየሩን ያሳልፋል። እንጨትም ይዣለሁ። አጎቴ ያየ ዕለት ምን እንደሚል እንጃ።

ስመለስ አባዬ ማቆሚያው ድረስ በከዘራ መጥቶ ቆሟል። ጃንጥላዋን በጣቱ ነካካት። "ጥሩ ነው" አለ። ክንዴን ይዞ ቤት ገባን፤ መድኃኒቱን ሰጠሁት፣ እራት አቀረብኩ። ሲበላ ጠብቄ ነገርኩት፤ እዚህም ልጻፈው፣ ነገ እንዳልለዝብ።

ቢፈራልኝ እቀበላለሁ። ቢቆጣኝም፣ ፊት ለፊት "አትሂጂ" ቢለኝም እቀበላለሁ፤ ተከራክሬው እሄዳለሁ። እውነቱን እያወቀ፣ ሰው ሲስቅብኝ እየሰማ፣ "ለአንቺ ብዬ ነው" ብሎ ዝም ማለትን ግን ከእንግዲህ አልቀበልም። ከእሱም ቢሆን። በተለይ ከእሱ።