ውኃው የወሰደው መቃብር

ሰኞ፣ ነሐሴ 3
ውኃው የመቃብሩን ጉብታ ዙሪያውን ከበበው። ግድቡን ከፍ ካደረጉት ወዲህ የመጀመሪያው ክረምት ነው። ጭቃ ሹሙ በሰንበቴው ላይ «ሜዳው በሙሉ ይሸፈናል፤ የዘመዱን አጽም የሚያነሣ ያንሣ» ብሎ ነበር። በዚህ ዝናብ ማን ይቆፍራል? ጥቂቶች አነሡ። የቀሩት ቀሩ።

የመንደራችንን የቡራዩን ታሪክ እጽፋለሁ እያልኩ ዓመታት ከሽማግሌ ወደ ሽማግሌ ስዞር፣ ይህን መቃብር ለነገ አቆየሁት። እዚያ ማን የት እንዳረፈ የሚያውቁት አሁን ኦቦ ጉተማ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ደረታቸውን ታመው ተኝተዋል።

ማክሰኞ
ኦቦ ጉተማን ልጠይቅ ሄድኩ። ከምድጃው አጠገብ ቁርበት ላይ ናቸው፤ ከስተዋል። ስለ ዘር ሐረጋቸው ሳነሣ እሳቸው ስለ ጀልባዬ ጠየቁኝ። በባሕር ዛፍ ሳንቃና በድንኳን ሸራ የሠራኋት ናት። ቀዘፋውንም የሸራውንም ነገር የለመድኩት ምጽዋ ወደብ ጸሐፊ ሳለሁ ነው። መንደሩ ይሥቅብኛል፤ እሳቸው ሥቀውብኝ አያውቁም።

«ሌንሴ ዘንድ ውሰደኝ» አሉኝ።

ሌንሴ ሚስታቸው ነበረች። ልጃቸውን ቶሎሳን ስትወልድ ሞታ ጉብታው ላይ ተቀብራለች። በእግር የሚያደርሰው መንገድ ውኃ ውስጥ ነው።

ቶሎሳ ደጅ ድረስ ሸኝቶኝ፣ ሐኪሙ ብርድ እንዳይነካቸው ማዘዙን ነገረኝ። «እንዳይሞክሩት ጋሼ» አለኝ።

ረቡዕ
ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ባለቤቴ ይርጋለም፣ ልትወስዳቸው የምታስበው ለእሳቸው ብለህ ነው ወይስ ለታሪክህ ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱም ይመስለኛል።

ሐሙስ
ወሰድኳቸው። ቶሎሳ ገበያ ሄዷል፤ ሰማዩም ፈካ ብሏል። በጋቢ ላይ ካፖርቴን ደረብኩላቸው። ነፋሱ ከወጨጫ ተራራ በኩል መጥቶ ሸራውን ሞላልን። ኦቦ ጉተማ እጃቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው ሣቁ።

ጉብታው ላይ ትከሻዬን ተደግፈው ድንጋዩን ሁሉ እየዳሰሱ ስም ጠሩ። ጻፍኩ። አንድ ወይራ ሥር ሲደርሱ ለቀቁኝና ተንበረከኩ። «ነን ዱፌ፣ ሌንሴ» አሉ፤ መጣሁ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ያሏትን ሰማሁ፤ አልጻፍኩትም።

ስንመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት ሆነ። ዝናቡም ወረደ። ሸራውን አውርጄ ቀዘፍኩ፣ ቀዘፍኩ። ዳር ስንደርስ ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ነበር።

ዓርብ
የኦቦ ጉተማ ትኩሳት አልወርድ ብሏል። መድኃኒት ይዤ ብሄድ ቶሎሳ በሩ ላይ ቆሞ አላስገባ አለኝ።

«አባቴን ለታሪክህ ሸጥከው።»

«አንተ» ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።

እሑድ
ጎህ ሲቀድ አረፉ። የተቀበሩት ላይኛው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ ከሌንሴ ሩቅ። ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ከዳር ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠ የለም። ይርጋለም ብቻ ከሴቶቹ መካከል ቀና እያለች ታየኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 11
ጉብታው ጠፋ። የወይራው ጫፍ ብቻ ይታያል። የጻፍኳቸውን ስሞች በንጹሕ ወረቀት ልገለብጥ ተቀምጬ አንዱንም ሳልጽፍ ተነሣሁ።

ሐሙስ
ቶሎሳ መጣ። ሰላምታ የለም።

«እናቴ የት ጋ ናት?»

ታውቃለህ ብዬ ነበር አልኩት። አባቱ አንድም ቀን ወስደው እንዳላሳዩት ነገረኝ። «እኔ ነኝ የገደልኳት እንዳልል ፈርቶ ነው» አለ። መቅዘፊያዎቹን አነሣሁ።

ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ጠርዙን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ ዓይኑን ከወይራው ጫፍ አልነቀለም። እዚያ ስንደርስ ቀዘፋውን አቆምኩና «ከዚህ ሥር» አልኩት። ከጋቢው ጫፍ ቋጠሮ ፈታ፤ ከአባቱ መቃብር የዘገነው አፈር ነበር። በተነው። ውኃው ጥቂት ደፍርሶ ጠራ።

አባትህ ለእናትህ ያሏትን ልንገርህ ወይ አልኩት። «ዛሬ አልችልም» አለ።

ዳር ስንወጣ መንገዱን ጀመረ። ትንሽ እንደሄደ ተመልሶ የጀልባዋን አፍንጫ ያዘ።

«ውኃው ገና ይጨምራል፤ ከፍ እናድርጋት» አለኝ።

እሱ እየሳበ እኔ እየገፋሁ ዳገቱ ላይ አወጣናት።