ጥዬ ያለፍኩት

እማዬ፣

ቀኝ ትከሻሽ እንዴት ሰነበተ? ብርድ ሲሆን የሚቆረጥምሽ የእጅሽ አንጓስ? ደረጃ ስትወጪ ቋ ቋ የሚለው ጉልበትሽስ? የሰው ልጅ እናቱን «ደህና ነሽ ወይ?» ብሎ ባንዴ ይገላገላል፤ እኔ ግን ወጌሻ ነኝና መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ ካልጠየቅኩ ሰላምታ ያቀረብኩ አይመስለኝም። የላክሁልሽን ቅባት ሳትሰስቺ ተቀቢው፤ ለእንግዳ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። እኔ ደህና ነኝ። ማሙሽም ደህና ነው። ይህችን የመጨረሻዋን እባክሽ ደግመሽ አንብቢያት፤ ቀጥሎ የምጽፍልሽ እንዳያስደነግጥሽ ብዬ ነው ያስቀደምኳት።

በስልክ ያልነገርኩሽ ንቄሽ አይደለም። በስልክ ገና «ወደቀ» ስልሽ ታለቅሻለሽ፣ «ተነሳ» የሚለውን ሳትሰሚው ይቀራል። ደብዳቤ ግን አልቅሰሽም ሲወጣልሽ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። ምናልባት ጎረቤትሽ ከራዲዮ ሰምታ የራሷን ቅመም ጨምራበት ነግራሽ ይሆናል፤ እውነቱ ይኸውልሽ።

ነገሩ የጥሎ ማለፉ ነው። ዋናው ሊግ ከመጀመሩ በፊት ክለቦቹ የሚሞካከሩበት ዋንጫ አለ፤ የተሸነፈ ወደ ቤቱ፣ ያሸነፈ ወደሚቀጥለው። ስሙን መጀመሪያ የሰማሽ ጊዜ «የወደቀ ሰው ጥሎ ማለፍ ደግሞ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?» ብለሽ አስቀሽን ነበር። አሁን የክለባችን ሰው ሁሉ «ጥሎ ማለፍ» እያለ የሚጠራው እኔን ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ሰዉ ይህን ዋንጫ «ማሟሟቂያ ነው» እያለ ይንቀዋል። ለማሙሽ ግን ማሟሟቂያ አልነበረም። ከአምናው የጉልበቱ ቀዶ ጥገና በኋላ የተቀበለው ክለብ በሙከራ ብቻ ነበር የያዘው። በዚህ ውድድር ጉልበቱ ከጸናለት ለሊጉ ያስመዘግቡታል፤ ካልጸናለት ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ዞር ብሎ የሚያየው ክለብ የለም። ይህን ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር። ዕጣው ሲወጣ የእሱና የእኔ ክለብ ተገናኙ። የእኛዎቹ ቀላል ዕጣ ደረሰን ብለው ሲስቁ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

በእኛ ክለብ ወንድሜ መሆኑ አይታወቅም ነበር። እኔን ከ«ወጌሻዋ» ሌላ የሚጠራኝ አልነበረም፤ እሱንም በሜዳ ስሙ «ጅራፍ» ብቻ ነበር የሚሉት። ደጋፊዎቹ ለፍጥነቱ ያወጡለት ስም ነው። ተቃራኒዎቹ ግን «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» ለማለት ነበር የሚጠሩት፣ እውነት ለመናገር እነሱም አልተሳሳቱም። የሰው እግር ረግጦ እሱ የሚንከባለል ልጅ ነው። በልጅነቱስ ሳህኑን ሰብሮ «እጄን! እጄን!» እያለ አንቺን ሲያስሮጥሽ አልነበር? ወንድምነቱን የደበቅኩት ግን አፍሬበት አይደለም። አሰልጣኛችን ቢያውቅ ምን እንደሚጠይቀኝ ስለማውቅ ነው።

የፈራሁት አልቀረም። ከጨዋታው በፊት መልበሻ ክፍል ሰብስቦን፣ ጅራፍ የታመመው የትኛው ጉልበቱ ነው፣ በዚያ በኩል ጠበቅ አድርገን እንያዘው አለ። ማሙሽ ሁለቱንም ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ ነው የሚጫወተው፤ ዘዴውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አሰልጣኙ ክፉ ሰው አይደለም፣ ስበሩት አላለም። ግን ሜዳ ላይ «ጠበቅ» የተባለ ነገር ልኩን ሲያልፍ የሚያልቀው የእኔ ማሺያ አልጋ ላይ ነው። ወጌሻዋ ታውቅ ይሆናል ብሎ ወደ እኔ ሲዞር ሣጥኔን ከፍቼ ፋሻ መቁጠር ጀመርኩ።

ወንድሜ መሆኑንም፣ የታመመው የትኛው ጉልበቱ እንደሆነም ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፣ ቁምሳጥን። ቁምሳጥን የምንለው የመሃል ተከላካያችንን ነው፤ ቁመናውን ብታዪ ስሙ ከየት መጣ ብለሽ አትጠይቂም። ጅራፍን እንዲይዝ የታዘዘውም እሱ ነው። ለእሱ የነገርኩት እንዲያው ቁርጭምጭሚቱን ሳሸው አምልጦኝ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ያን ዕለት እሱም ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ክሩ ግን ታስሮ ነበር።

አሁን አምናን ላነሳብሽ ነውና አትከፊብኝ። አምና ማሙሽ ሲጎዳ እኔ እዚያው ሜዳ፣ በተቃራኒው ወንበር ላይ ነበርኩ። ወጌሻ ዳኛ ሳይጠራው አይገባም፤ ሲገባም ለራሱ ተጫዋች ነው። ዓይኔ ሥር ወድቆ ወንበሩን ጨብጬ ተቀመጥኩ። በኋላ ስደውልልሽ «አንቺስ የት ነበርሽ?» አልሽኝ። «እዚያው ነበርኩ» አልኩሽ። ስልኩ በዚያው ተዘጋ። ያቺ ጥያቄሽ ግን ዓመቱን ሙሉ ከኋላዬ አልተለየችም። ቅር ብሎኝ ነበር እማዬ። አሁን ስለቀለለኝ ነው የምነግርሽ።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። አንድ ለአንድ ሆነን ሳለ የማዕዘን ምት ተሻማ። ማሙሽና ቁምሳጥን አብረው ዘለሉ፣ አየር ላይ ተጋጩ፣ አብረው ወደቁ። ቁምሳጥን አፍንጫውን ይዞ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ደሙ በጣቶቹ መሃል ይወርዳል። ማሙሽ ከእሱ ወዲያ፣ እግሩ ከሥሩ እንደታጠፈ ቀረ። ከወንበራችን «ጅራፍ ጀመረ!» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ሣጥኔን ጨበጥኩ፣ ምክንያቱም አልጮኸም። ይህን ከአንቺና ከእኔ ሌላ ማን ያውቃል? እሱ የሚጮኸው ምንም ሳይሆን ሲቀር ነው። ከአጥር ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ቀን ድምፁን ሳያሰማ መጥቶ በራችን ላይ የቆመው ትዝ ይልሻል? አምናም ድምፅ አልነበረውም።

ዳኛው በእጁ ጠራኝ። የጠራኝ ለቁምሳጥን ነው። ሣጥኔን ይዤ ሮጥኩ፣ ቁምሳጥን ጋ ደረስኩ፣ ከዚያም የራሴን ተጫዋች፣ እንጀራዬን የምበላበትን ሰውዬ፣ ደሙ እየፈሰሰ እንደ ጉቶ ዘልዬው አለፍኩ። አፌም ዝም ቢል መልካም ነበር። «ማሙሽዬ!» ብዬ ጮህኩ። ጩኸቱ የወጣው ደግሞ ሜዳው ሁሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ ያልሰማ የለም።

የእነሱ ወጌሻ ሸበቶ ሰውዬ ነው። ደርሶ ሊቆጣኝ አፉን ከፈተ፤ ፊቴን ሲያይ ግን ተንበርክኮ የማሙሽን ራስ ደገፈልኝ። ማሙሽ ዓይኑን ጨፍኖ በሹክሹክታ «አትንኪው፣ አትንገሪኝ» ይለኛል። ለካ ፍርሃት ነው ዝም ያሰኘው። እግሩን ቢያንቀሳቅሰው የሚያገኘውን መልስ ፈርቶ ነው። ጉልበት ሲመረመር እንዲህ ነው፤ ጭኑን በአንድ እጅ ትይዥና ቅልጥሙን በሌላው ወደ ፊት ትስቢዋለሽ። ጅማቱ የተበጠሰ እንደሆነ እሺ ብሎ ይመጣልሻል። ደህና የሆነ እንደሆነ እምቢ ይላል። ሳብኩት። እምቢ አለኝ። ደግሜ ሳብኩት፣ አሁንም እምቢ። ከተወለድኩ ጀምሮ እምቢ ተብዬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደህና ነህ፣ ተነስ አልኩት። ዓይኑን ገለጠና መጀመሪያ ጉልበቱን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ተመልካቹን አየ። በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ማሙሽ ትዪኛለሽ ብሎ ተቆጣኝ። ከዚያ «ጎኔን! ኧረ ጎኔን!» እያለ መንከባለል ጀመረ። ሲጮኽ ብትሰሚው! እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ።

የሚደማ ተጫዋች ደሙ ሳይቆም መጫወት አይፈቀድለትም። እኔ ተመልሼ የቁምሳጥንን አፍንጫ በጥጥ እስክደፍን ድረስ በጎደሎ ተጫወትን፣ በዚያችው ክፍተት አገቡብን። ያገባውም ማሙሽ እንኳ ቢሆን አንድ ነገር ነበር፤ ስሙን የማላውቀው ተቀያሪ ነው። እነሱ ወደ ግማሽ ፍጻሜ፣ እኛ ወደ ቤታችን።

በማግስቱ አሰልጣኙ ቢሮው አስጠራኝ። «ለመሆኑ አንቺ የማን ወጌሻ ነሽ?» አለኝ። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ሁሉም ብን ብሎ ጠፋና «ታላቅ እህቱ ነኝ» አልኩት። መልበሻ ክፍል የጠየቀን ጥያቄ ትዝ ብሎት መሰለኝ ፊቱ ተለወጠ። «እኔ እኮ አንቺ እዚያው ቆመሽ ነው ‹የትኛው ጉልበቱ ነው?› ብዬ የጠየቅኩት» አለኝ፤ እንደ ማፈር ብሎ። ቢያባርረኝ አልፈርድበትም ነበር። ሁለት ጨዋታ ከወንበሩ እንድርቅ ብቻ ቀጣኝ። በሩን ልዘጋ ስል ከኋላዬ፣ ልጁ ግን ደህና ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ነው አልኩት። እንግዲያው በሊጉ ስንገናኝ አንቺን ቤት ቆልፌብሽ ነው የምመጣው አለ። ያ ሰውዬ ሲቀልድ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ማሙሽ ተመዝግቧል እማዬ! ፈርሟል። ጅራፍ የሚለው ስም ግን ሞቶ ተቀብሯል። በግማሽ ፍጻሜው የራሱ ደጋፊዎች «ማሙሽ! ማሙሽ!» ሲሉ፣ የተቃራኒዎቹ «ማሙሽ፣ ወተትህን ጠጥተሃል?» ሲሉት ዋሉ። አላናግርሽም ብሎ ማለ፤ ሁለት ቀን ሳይሞላው ጎኔን እሺኝ ብሎ መጣ።

እኔንም ያው «ጥሎ ማለፍ» ይሉኛል። ይበሉኝ። ለአንቺ ብቻ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ጥዬው አላለፍኩም። ቁምሳጥን ጋ ስደርስ ቆሜ ነበር። ሥራዬ እሱ ነው፣ ደሙ ይፈስሳል፣ እግሬ ልክ እንደ አምናው ተያዘ። ያን ጊዜ አፍንጫውን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው ወደ ማሙሽ ጠቆመኝና «ሂጂ» አለኝ። ረጃጅም እግሮቹን ሰብሰብ አደረገልኝ፤ ያኔ ነው የዘለልኩት። ሰዉ ያየው መዝለሌን ብቻ ነው። በኋላ የጨዋታውን ፊልም ሳየው ደግሞ፣ ቁምሳጥን ያን ሁሉ ሰዓት በማሙሽ በሽተኛ ጉልበት በኩል አንዴም አልገባበትም። ለምን ብዬ ስጠይቀው በዚያ በኩል እግሬ አይታዘዘኝም አለ። እግሩን እኔ ነኝ የማሸው፤ ደህና አድርጎ ይታዘዘዋል።

እንግዲህ እማዬ፣ የአምናዋን ጥያቄሽን ዘንድሮ ጠይቂኝ። የት ነበርሽ በዪኝ። አጠገቡ ነበርኩ። ጉልበቱን ይዤ ነበርኩ።

ዋንጫው ሲያልቅ፣ በሚቀጥለው እሁድ እንመጣለን። ከጎረቤት አንድ ወንበር ተዋሺ፤ ጠንካራ ይሁን፣ ያ የሚወላገደው የእኛው አይሆንም። የበራችን ጉበን ላይም ወፍራም ጨርቅ ጠቅልለሽ እሰሪበት። ማሙሽ በሩን ለምዶታል፣ እኔም እንደምታውቂኝ አጭር ነኝ። ቢሆንም እሰሪበት፤ ሊድን የጀመረ አፍንጫ ሁለተኛ መመታት የለበትም።

ክፉሽን አያሰማኝ። ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽንም እምቢ የሚል ጉልበት ያድርግልሽ።

ልጅሽ፣
የማሙሽ እህት