ለጉልበቴ የመሰለኝ መድኃኒት

ይድረስ ለልጄ፤

እንዴት ነሽ? የዱባይ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ገርጂ ጭቃ ነው። ይህን ስጽፍ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ፊደሌን ታውቂዋለሽ፣ እንዳትስቂ።

በእናትሽ አርባ ቀን «መኪናዋን እንሽጣት» ካልሽኝ ወዲህ ስትደውዪ አላነሳሁም። ተቀይሜ ነው፤ አልዋሽሽም።

ቮልሷን እናትሽ ደሪቱ ካረፈች ጀምሮ አላስነሳኋትም። ታማ ከመተኛቷ በፊት ሃያ ሁለት ማደያ ሄዳ ቤንዚን ሙሉ ያስሞላችው እሷው ናት። ያ ቤንዚን እንዲነካ አልፈለግሁም። አሁን ለሙት ዓመቷ ቤተ ክርስቲያን በመኪናዋ ልሂድ ብዬ ቁልፉን ባዞረው፣ ባዞረው፣ እምቢ። መካኒኩን አብዱልሐሚድን አስጠራሁት። ከነዳጅ መያዣዋ ሥር በብርጭቆ ቀድቶ አሳየኝ፤ ከላይ ቤንዚን፣ ከታች ውሃ።

«አባባ፣ ይሄ ቤንዚን አልኮል ተቀላቅሎበታል፤ ሲቆም ውሃ ይስባል። መኪናዎ ዓመቱን ሙሉ ስትጠጣ ነው የከረመችው፤ እኔ ደግሞ ሰካራም አልጠግንም» ብሎ ሳቀብኝ። ቀጥሎ ጠጋ አለና፣ «እርስዎስ ምነው ጋራዥ ጋራዥ ሸተቱ?» አለኝ።

ልጄ የላከችልኝ የጉልበት መድኃኒት ነው አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። አውሮፕላን ማረፊያ የምትሠራው ጓደኛሽ ሀይሚ «ልጅዎ መድኃኒት ልካለች» ብላ ከበር ሰጥታኝ ሮጠች። እኔም ጠዋት ጠዋት ስቀባው ከረምኩ። ሻል ብሎኝም ነበር፣ እውነቴን ነው።

ጠርሙሱን ከቤት አምጥቼ ባሳየው፣ አብዱልሐሚድ ተቀበለኝና የለጠፍሽበትን ወረቀት ጮክ ብሎ አነበበው፦ «አባዬ፣ ቤንዚኑ እንዳይበላሽ ይሄን ጨምርበት። የእማዬን መኪና አትሽጣት። ይቅር በለኝ።» ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

ወረቀትሽ ስምንት ወር ሙሉ አልጋዬ ራስጌ ነበር፣ ልጄ።

ቤንዚኑ ተደፋ። ድፋው ያልኩት እኔው ነኝ፣ ፊቴን አዙሬ። ከአዲሱ ቤንዚን ጋር የተረፈችውን መድኃኒት ጨመረባት። ተነስታለች፤ እንደኔው እያሳለች።

እናትሽ ካረፈች ወዲህ መነጽሬ የት እንደገባ አላውቅም። ስልኬ ላይ ጽሑፍሽ ተከምሯል፤ ንቄሽ አይደለም። ዓይኔ ደክሞ ማንበብ አቅቶኝ ነው። ከእንግዲህ አትጻፊ፣ ደውይልኝ። አነሳለሁ።

የእናትሽ አምላክ በሄድሽበት ይከተልሽ፤ የሰው ፊት አያሳይሽ።

ይህን በሀይሚ እጅ ልኬልሻለሁ። አደራ ብያታለሁ፣ አትሮጥም።

አባትሽ