ለመቅዲ ያልነገርኳት

ጥር 24 ቀን 2014
ከቱርክ ከተመለስኩ ሳምንቴ። ሥራ የለም። ሐይቁ ዳር ወርጄ ተመለስኩ፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ወረድኩ። አባዬ "ምን ያንቆራጥጥሻል? ልብሽ እዚያው ቀረ እንዴ?" አለኝ። ኮንያ እያለሁ ቤቴ ቤቴ እል ነበር። አሁን ቤቴ ነኝ… ታዲያ ምን ሆንኩ?

መቅዲ ደወለች። ሁለት ዓመት አንድ ክፍል የኖርን፣ የአምባሰል ልጅ። እሷ ትምህርቷን ገና አልጨረሰችም። "ጫማውን ለእማዬ ሰጠሻት?" ለእናቷ ለእትዬ ስህን የላከችው ነው፣ ለጉልበታቸው ብላ ሶሉ ለስላሳ የሆነ። ከጦርነቱ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማችም። ወንድሟ ዝናው "ግሸን ሱባኤ ገብታለች፣ ስልክ አልያዘችም" ይላታል። ነገ እሄዳለሁ አልኳት።

ጥር 25
እስከ ውጫሌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። ዝናው ጫማውን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

እትዬ ስህን የሉም። ኅዳር ላይ ነው የሞቱት። መንገድ ተዘግቶ፣ የስኳር መድኃኒታቸው ጠፍቶ…

"እንዳትነግሪያት" አለኝ። "ግንቦት ትመረቃለች። ጨርሳ ትምጣና በወጉ እናረዳታለን። ሰው አገር ብቻዋን ማን ይደግፋታል?"

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ጥር 26
"ጫማው ልኳ ሆነ?" አለች። "ሱባኤያቸውን አልጨረሱም፣ ዝናው ያደርስላቸዋል። ልካቸው ነው" አልኩ። ምላሴን ይቁረጠው!

ጥር 30
መቅዲ የእስላም ሥጋ አትበላ፣ ቱርክ ደግሞ ሌላ ሥጋ የት ይገኛል? ሁለት ዓመት በምስርና በድንች። "አንቺ ጋ ዐቢይ ጾም አያልቅም" እያልኩ አሾፍባት ነበር። ዛሬ ደውላ "ግብዣ ተጠርቼ ደግሞ ምስር!" አለች። ሳቅን። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ኅዳር ትዝ አለኝ። የወሎ ስልክ ተቋርጦ፣ ሁለታችን አንድ አልጋ ላይ ስልክ ስናይ። "የሆነ ነገር ቀድመሽ ከሰማሽ እንዳትደብቂኝ።" "ወላሂ አልደብቅሽም።" ወላሂ ብያለሁ! በኋላ ስልክ ሲለቀቅ መጀመሪያ የተገኘው የኛ ቤት ነበር። አባዬ "አለን" ሲል እኔን አቅፋ ያለቀሰችው እሷ ናት።

የካቲት 3
ደወለች። አላነሳሁም።

የካቲት 6
ዛሬ አነሳሁ። "እማዬ ሱባኤ ገብታ እንዲህ ቆይታ አታውቅም። ያንቺ እናት ብትሆን አትጠረጥሪም?" ኔትወርኩ ነው ብዬ ዘጋሁባት።

ማታ ለኛዋ እማዬ ነገርኳት። "መርዶ በስልክ አይሆንም ልጄ። ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ ይዞ ነው።"

ታዲያ እዚያስ ሰው የለም እንዴ? አብረውን የሚማሩት ኡስማንና መስኡዳ አሉ፣ የኮንያ አበሻ ሁሉ አለ። እኔ ነኝ እንጂ የሌለሁት።

ለዝናው ደወልኩ። እዚያ ያሉት ተሰብስበው ያርዷት አልኩት። "ትምህርቷን ጥላ ብትመጣ ኃጢአቱ ያንቺ ነው" አለ። አትንገሪ ግን አላለም።

የካቲት 10
ዛሬ ጎህ ሲቀድ መቅዲ ተረዳች።

ኡስማን ነው የነገረኝ። ማንም አፉን አልከፈተም አለ። በሩን ከፍታ ሁሉንም ኮሪደሩ ላይ ቆመው ስታይ "እማዬን!" ብላ ወደቀች። በዚያ ሰዓት አበሻ ተሰብስቦ በር ካንኳኳ ሌላ ምን ይሆናል? መስኡዳ ይዛት ዋለች። ስልክ ሰጥተዋት ነበር፣ ከኔ ጋር መነጋገር አልፈለገችም።

ልክ ሠራሁ? እንጃ…

የካቲት 17
መጥታለች። ከእማዬ ጋር ሄድን። ድንኳኑ እንደ አዲስ ተተክሏል፣ የሁለቱም ሃይማኖት ሰው ሞልቶታል። እማዬ "አብሽሪ ልጄ" ብላ አቀፈቻት። መቅዲ እጄን ያዘችኝ፤ አልለቀቀችኝም፣ ቀናም ብላ አላየችኝም። ትምህርቱን ልቀጥል አልቀጥል አላለችም።

ሰው ቀለል ሲል "መቼ ነው ያወቅሽው?" አለችኝ።

"ጥር ሃያ አምስት።"

አሰበች። "ምስር በላሁ ያልኩሽ ቀን… አብረሽኝ ስትስቂ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

እጄን ለቀቀችው።

ቤት ገብተን እራት ላይ "ሁለተኛ ውጭ አገር ብሄድ፣ ሰው ከሞተብኝ በዕለቱ ንገሩኝ" አልኩ። አባዬ "እሺ ልጄ፣ በዕለቱ" አለ።

አላመንኩትም።