ማንም ያልፈለጋት የካላክላ ክፍል

ለተከበራችሁ የመረዳጃ ማኅበራችን ሰባት የሥራ አመራር አባላት፣
ሳጃና፣ ካርቱም

ጤናችሁ እንደ ስብሰባችሁ የማያቋርጥ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እኔ ዘሊካ፣ በቡሪ በሰው ቤት ሠራተኝነት የምኖር የወሎ ልጅ፣ ይህን ደብዳቤ በታላቅ አክብሮት በግልጽ እጽፍላችኋለሁ።

አንደኛ፣ ሐጃ ናስራ ለአላህ ብለው በነፃ የሰጡንን፣ ከአሠሪዋ ቤት የተባረረች እህት የምታርፍባትን የሳጃና ክፍል ትታችሁ ማረፊያችንን ከከተማው ዳር ወዳለው ካላክላ ለማዛወር በአንድ ድምፅ ስለወሰናችሁ እናመሰግናለን። ዕረፍታችን ዓርብ ከሰዓት ብቻ ስለሆነች፣ በሚኒባስ ተጨናንቀን እንድንጨርሳት ማሰባችሁ የአባት ነው።

ሁለተኛ፣ ጥበባችሁን ልማር ብዬ ሰባታችሁንም በየተራ ጠይቄ ነበር፤ ካላክላን ከልቡ የፈለገ አንድም አላገኘሁም። ሐጅ ከቢር ካላክላ ውስጥ ባዶ ክፍል ማየታቸውን ያነሱት ለጨዋታ ያህል ነበር። ኢክሪማ ግን ሐጅ ሐሳብ ያቀረቡ መስሎት፣ ታላቅን መቃወም ነውር ነው ብሎ ኢንሻአላህ አለ፤ ሌሎቻችሁም ተከተላችሁ። ጸሐፊው ዛኪር ኢንሻአላሁን ሁሉ እንደ ድጋፍ ቆጥሮ በቃለ ጉባኤ አሰፈረ። ሐጅ ከቢርም የሁላችሁን ፍላጎት ላለማፍረስ ይሉኝታ ይዟቸው በዱዓ ዘጉት። ዱዓ የተደረገበትን ነገር መልሶ የሚያነሳ ደግሞ ከመካከላችሁ አልተወለደም። እንዲህ ሰባት ተቃዋሚዎች በሙሉ ድምፅ ተስማማችሁ።

ሦስተኛው ላይ ቀልዴ አለቀብኝ። እህታችን ሬሕማ አራት ዓመት ካገለገለችበት ቤት ባለፈው ሳምንት ተባረረች። ሻንጣዋን ተሸክማ፣ ሁለት ሚኒባስ ቀይራ ካላክላ ብትደርስ የክፍሏ ባለቤት ማንም ያናገረኝ የለም ብሎ በሩን ዘጋባት። ሦስት ቀን ሰው ደጅ ተንከራተተች። እኔ አልቅሻለሁ፣ ተናድጃለሁም።

ስለዚህ ለቀጣዩ ስብሰባ ከሰባታችሁ አንዱን ተቃዋሚ አድርጋችሁ እንድትሾሙ በትሕትና እጠይቃለሁ። ፈቃደኛ ከጠፋ ከእኛ ከሠራተኞቹ መካከል ሉጥፊያን እናውሳችኋለን፤ እሷ ይሉኝታዋን ወደዚህ ስትመጣ ድንበር ላይ ጥላዋለች።

የስምምነታችሁ ተሸካሚ፣ የዱዓችሁ ተካፋይ፣
ታናሽ እህታችሁ ዘሊካ

የተረሳ ነገር፦ የሳጃናው ቁልፍ ለሐጃ ናስራ እንዲመለስ ወስናችሁ ነበር፤ ማን እንደሚመልሰው ግን አልወሰናችሁም። በዛኪር ሱቅ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘነው። ለሐጃ ናስራም ክፍሏን መተዋችሁን የነገራቸው የለም። ሬሕማ ትናንት ሳጃናው ክፍል ገብታለች፣ ቁልፉም በእኛ እጅ ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ እባካችሁ አትሰብሰቡ።