አበባ የተሰካበት ዛጎሌ እንዲመለስልኝ

ለክቡር ሚስተር ክላቪየር ሮሽፎር
የሞርን ቤል ወረዳ የአደጋ ጊዜ መጠለያ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎና ባለቤትዎ፣ እንዲሁም አውሎ ነፋሱ አንዲት ቆርቆሮ እንኳ ያልነቀለበት ጣሪያዎ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ ፊሎሜን፣ የአንስ ካኖ መንደር ዓሣ አጥማጅ የኤቫሪስት ሚስት የነበርኩት፣ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። በሕይወት መኖሬን እንዲህ በጽሑፍ ማስታወቅ ያስፈለገኝ፣ ጊዜው ሳያልፍ በሌላ መንገድ እንዳላስታውቅ ስለተደረግሁ ነው። ደብዳቤውንም በገበያው በር ላይ የለጠፍኩት በድፍረት ሳይሆን፣ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሆኑና ምናልባት ለሽንኩርት ሲወጡ ያነቡልኝ ይሆናል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ባሕሩ መንደራችንን ጠራርጎ ሲወስደው የጭነት መኪና ልከው ወደ ተራራው ስላወጡን ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን ስል አላሾፍኩም። ከዚህ በኋላ ያለውን ምስጋናዬን ግን እንደ አመጣጡ ይቀበሉት። ለሥነ ምግባር ሲባል ሴቶችን በትምህርት ቤቱ፣ ወንዶችን ከወንዙ ማዶ ባለው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እንድናድር ወስነው ነበር። ጥርሳችን እስኪያልቅ አንድ አልጋ ላይ የተኛን ባልና ሚስት በትምህርት ቤት ወንበሮች መካከል ነውር እንዳንሠራ መስጋትዎ፣ ስለ ጉልበታችን ያለዎትን ከፍተኛ ግምት ስለሚያሳይ ኮርቼበታለሁ። ወዲያው ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ይዞት ሄደ፤ እኛም እዚህና እዚያ ቀረን።

ሁለተኛ፣ በበሩ ላይ ስለተደረገልን ፍተሻ። ኬንሪክ የተባለው ጥበቃዎ፣ የተላከውን ከመፈጸም በቀር ጥፋት የሌለበት ልጅ፣ ገጀራችንን፣ ጠርሙሳችንንና የቆርቆሮ መክፈቻችንን ሰብስቦ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ከዚያም የታሸገ ሳርዲን አደሉን። ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ ስትበላ የኖረች ሴት ዓሣን በቆርቆሮ ላይ ከተሳለው ሥዕል ብቻ እንድታየው ማድረግ ቀላል ጥበብ አይደለም። በድንጋይ እየቀጠቀጥን በላነው፤ ይህንም ረስቼዋለሁ።

ሦስተኛውን ግን አልረሳሁትም። ኬንሪክ ከገጀራው ጋር ዛጎሎቻችንንም ወሰደ፤ መመሪያው “የጩኸት መሣሪያ” ይላቸዋልና። ክቡርነትዎ የተራራ ሰው ስለሆኑ ባያውቁ አልፈርድብዎትም። እኛ ዘንድ ስልክ ከመምጣቱ በፊትም፣ መጥቶ ከተቋረጠ በኋላም የምንጠራራው ጫፉ ተቆርጦ እንደ መለከት በሚነፋ ትልቅ የባሕር ዛጎል ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ አነፋፍ አለው። አውሎ ነፋስ አልፎ ጋብ ሲል አንዱ ይነፋል፣ የሰማው ይመልሳል፤ ያልመለሰውን ቤት አካፋ ይዘን ሄደን እንቆፍራለን። የተጣላ ሰው እንኳ ይመልሳል። እኔ ራሴ ከኤቫሪስት እህት ጋር ተኳርፈን በከረምንበት ዘመን፣ ከማዕበል በኋላ ስትነፋ መልሼላት ወደ ኩርፊያዬ ተመልሻለሁ። ሰምቶ ዝም የሚል ሬሳ ብቻ ነው።

ኤቫሪስት እንደ ብዙዎቹ ወንዶች ዛጎሉን ሸሚዙ ውስጥ ሸሽጎ አዳራሹ አስገብቶት ኖሯል። ጠዋት ከማዶ ነፋ፤ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር። የእኛ ቤት ነው። “ፊሎ፣ አለሽ?” ማለቱ ነው። እየሮጥኩ ወደ ኬንሪክ ሄድኩ።

“ልጄ፣ ዛጎሌን ስጠኝ። አንዴ ብቻ ነፍቼ እመልስልሃለሁ።”

“ኧረ እማማ ፊሎ፣ ይተዉኝ በእግዜር! ለእርስዎ ከሰጠሁ ሁሉም ስጠኝ ይለኛል። እንጀራዬን ሊያዘጉኝ ነው እንዴ?”

“ባሌ እኮ ነው የሚጠራኝ፤ አትሰማም እንዴ?”

ያን ጊዜ ክቡርነትዎ የሻይ ኩባያዎን እንደያዙ ብቅ ብለው የተናገሩት ቃል በቃል ትዝ ይለኛል፤ “ምንድን ነው ይሄ ሁካታ? መጠለያ እንጂ ሠርግ ቤት መሰላችሁ? ሰው ይተኛበት!” አሉ። የሚተኛ ግን አልነበረም፤ ሴቶቹ ሁሉ ቁም ሳጥኑ ፊት ቆመው የየባላቸውን ዛጎል እየሰሙ ያለቅሱ ነበር።

ወንዙ ዳር ወርጄ ጮህኩ። ቀሚሴን አውልቄ አውለበለብኩ፤ ከሥነ ምግባር አንጻር ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ጭጋጉ አላሳየኝም፣ ውሃውም ድምፄን ዋጠው። ማታ ደግሞ ነፋ። በማግስቱም ነፋ፤ ድምፁ እየሳሳ መጥቶ ነበር። እኛ በኩል ያለው ወገን ሁሉ ጭጭ ስላለ፣ ማዶ ያሉት ወንዶች ትምህርት ቤቱ ተንዶብን አልቀናል ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። የቀረውን የነገረኝ አብሮት የነበረው ጎረቤታችን ላምበርት ነው።

“ተው ኤቫሪስት፣ ውሃው ይጉደል” ሲለው፣ “ፊሎ ሰምታ ዝም አትልም፤ ሞታለች” አለው።

“ሞታ ከሆነስ ምን ልታደርግላት ነው?”

“ላወጣታ! እሷ ጭቃ ውስጥ ተኝታ እኔ እዚህ ሾርባ ልጠጣ?”

እንደ እሱ ሊሻገሩ የተነሱትን ሌሎቹን ባሎች ጓደኞቻቸው በግድ ያዟቸው። እሱ ግን ከእጃቸው አመለጠና ወንዙ ውስጥ ገባ። ባሕር ያልበላውን ሰው ወንዝ በላው። እኔ ቆሜ፣ አለሁ እያልኩ፣ አልቅሶልኝ ሞተ። ክቡር ሆይ፣ ሐዘን አውቃለሁ፤ እናቴንም ልጄንም ቀብሬያለሁ። እንዲህ ያለውን ግን ለጠላቴም አልመኝም፣ ለእርስዎም ቢሆን።

አራተኛ፣ ኮሚቴዎ ስለ ባለቤቴ ባወጣው ማስታወቂያ “የመጠለያውን መመሪያ ባለማክበር ሕይወቱ አልፏል” ስላለ፣ ለአጭርነቱ አመሰግናለሁ። ባለፈው እሑድም እርስዎ በሥርዓት ለተመራ መጠለያ ሜዳሊያ ሲሸለሙ ከኋላ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ከእንግዶቹ ፊት በጠረጴዛው ላይ አበባ ተሰክቶባቸው የተደረደሩት ዛጎሎች ያማሩ ነበሩ። ከግራ የመጀመሪያው፣ ከንፈሩ ላይ የተሸረፈው፣ የእኔ ነው። ኤቫሪስት ለሠርጋችን ከባሕር ጠልቆ ያወጣው ነው፤ የተሸረፈውም የበኩር ልጃችን ጥሎት ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ ቤት አይደለም፣ ዱቄትም አይደለም። ዛጎሌን ይመልሱልኝ። ለባሌ መልስ አለብኝ። ሰሚ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም መቃብሩ ላይ ሄጄ አንዴ፣ ሁለት ረጅምና አንድ አጭር፣ አለሁ ልበለው።

ሰላማዊ እንቅልፍዎ እንዳይታወክ፣ ሜዳሊያዎም እንዳይዝግ ዘወትር የምጸልይ፣ በቸርነትዎ ጥላ ሥር ባሏን ያጣች፣

ትሑት አገልጋይዎ
ፊሎሜን፣ የኤቫሪስት ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሥራ እንደሚበዛብዎት ስለማውቅ መልስዎን በትዕግሥት እጠብቃለሁ። ዝም ካሉ ግን አንቀየምም፤ የአንስ ካኖ ሰው ዝምታን እንዴት እንደሚረዳ አሁን ያውቃሉ። ጥቁር ለብሰን፣ አካፋችንን ይዘን፣ ቢሮዎ ድረስ ሬሳዎን ልናወጣ እንመጣለን።