ኬቪን እምቢ ያለው የአስተናጋጅ ሚና

ውዴ ሮማን፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማችን እንዳለ ነው። የተለወጠው ሶፋው ብቻ ነው፤ ልጃችን ሰላም አሮጌው ወገብህን ይጎዳሃል ብላ አዲስ አመጣች። እኔ ደህና ነኝ። እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። እንኳን ማልቀስ መቆጣትም ትቻለሁ። የቢሮ ሰዎች ስህተታቸውን አይቼ ዝም ስል ታሟል ብለው ሰግተዋል።

ሰላም ኬቪንን አገባች። ወላጆቹ ከቻይና መጥተው እሱን እዚሁ ሜሪላንድ የወለዱት፣ ያ የምትወጂው ተዋናይ። ለቅሶሽ ላይ የሆነውን አላየሽም። ለለቀስተኛው ምግብ በሁለት ትልልቅ ፌስታል ይዞ ሲገባ፣ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን ሴት ዴሊቨሪ የሚሠራ መስሏት ወደ ኩሽና ጠቆመችውና ቲፕ ልትሰጠው ቦርሳዋን ከፈተች። ፌስታሉን አስቀምጦ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ሰላም «እጮኛዬ ነው» ስትላት ሴትዮዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ኬቪን ግን፣ ፊልም ላይም የሚሰጡኝ ይህንኑ ነው፣ ብሎ ሳቀ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከሰላምና ከኬቪን ጋር እናያቸው የነበሩትን የድሮ የአሜሪካ ፊልሞች አልረሳሁም። ዋናው ቻይናዊ፣ ቻይናዊ እንዲመስል ዓይኑን በፕላስተር የሳቡለት ነጭ ነው፤ እውነተኞቹ ቻይናውያን ከኋላው ትሪ ይዘው ይቆማሉ። እኔ ፊልሙን አቁሜ ሌክቸር እጀምራለሁ። አንቺ ግን እንደ አዲስ አበባ ቪዲዮ ቤት ልማድሽ መጀመሪያ «አክተሩ የቱ ነው?» ትያለሽ። ዋናውን ሰው ማለትሽ ነው። የኛን መልስ ሳትጠብቂ ትሪ ከያዙት አንዱን ትመርጫለሽ። «የኔ አክተር ይሄ ነው። ተስፋዬ ነው ስሙ። ጫማው ጠቦታል፣ አስቀምጡት እንጂ» ትያለሽ። ሰላም ስትተረጉምለት ኬቪን በሳቅ ይፈርስ ነበር።

ባለፈው ዓመት ለኬቪን ትልቅ ፊልም ላይ ሥራ ቀረበለት። እንግሊዝኛው የተሰባበረ፣ ሰው እንዲስቅበት የተጻፈ የምግብ ቤት አስተናጋጅ። በጽሑፉ ላይ ስም እንኳ አልነበረውም። ሰላም አርግዛ ስለነበር ሥራው ያስፈልጋቸው ነበር። ኬቪን ግን መጥቶ፣ በዚያች ሰላም ባስተማረችው አማርኛ፣ «አባዬ፣ እማዬ ብትኖር ምን ትለኝ ነበር?» አለኝ። እምቢ በል ትልህ ነበር አልኩት። እርግጠኛ ነበርኩ። እሱም እምቢ አለ። ሰላም ለሳምንታት አኮረፈችን።

ፊልሙ በቅርቡ ወጣ። ሰላም ከሕፃኗ ጋር ቀረች፤ እኔና ኬቪን እዚሁ አጠገባችን ያለችው አሌክሳንድሪያ ሄደን አየነው። ሚናውን የወሰዱት አንድ ቻይናዊ አዛውንት ናቸው። ከንግግሩ አንዲት ቃል አልተነካችም። ግን ሂሳቡን ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጡ በኋላ የሳቁባቸውን ተመጋቢዎች ሳይቸኩሉ አንድ በአንድ አዩዋቸው። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሳቅ መሀል ላይ ቆመ። ኬቪን እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቀረ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ልክ ነበርን ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሚናው ነውር ነው፤ አሁንም እላለሁ። ሰውዬው የሠሩት ሥራም ትልቅ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ለልጁ የሚሆን ነገር መናገር የምትችይው አንቺ ነበርሽ። አላውቅም አልኩት።

ያኔ ተናደድኩ። ፊልሙን በጻፈው ሰው አይደለም፣ በሳቁትም አይደለም። ባንቺ ነው። የሚጠየቀው ሰው እኔ ብቻ እንድሆን አድርገሽ በመሄድሽ። መሪውን እጄን እስኪያመኝ ጨበጥኩት። ከሄድሽ ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ሰዎች ስላንቺ ሲያወሩ ገር ነበረች፣ ዝምተኛ ነበረች ይላሉ። ዝምተኛስ አልነበርሽም። ትሟገቺኝ ነበር፣ አብዛኛውን ጊዜም ትረቺኝ ነበር። እኔ የማስታውሰው ያቺን ሴት ነው። የልጅ ልጃችንም ነፍስ ስታውቅ ከኔ የምትሰማው ስለዚያች ሴት ነው።

ባልሽ ግርማ